ሞተሩ የእኔ፣ መሪው የልጄ

መኪና ስትገዙ መጀመሪያ የምታዩት ምኑን ነው? አብዛኞቻችን ቀለሙን፣ የተሠራበትን ዓመትና የነዳጅ አጠጣጡን እናያለን። ሙያ ያለው ደግሞ ኮፈኑን አስከፍቶ የሞተሩን ድምፅ ያዳምጣል። ጎማ ግን እንደ ጫማ ሶል ነው፤ ሲያልቅ ይቀየራል፣ በቃ። ዛሬ የማጫውታችሁ ግን ነገሩ ሁሉ ከጎማው ስለሚጀምር አንድ መኪና ነው። እኔና የ21 ዓመት ልጄ ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ከቤታችን ጋር በተያያዘች ጠባብ ጋራዥ፣ ሁለት ዓመት ለፍተን የሠራነው የእሽቅድምድም መኪና ነው። ሞተሩን የገጠምኩት እኔ ነኝ፤ መሪውን የምትይዘው እሷ ናት።

«ሰው እንዴት የገዛ ልጁን እዚህ ውስጥ ያስገባል?» ትሉኝ ይሆናል። ባለቤቴም ብላኛለች። አዲስ አበባ ያለችው እህቴም በስልክ ብላኛለች። እኔም ሌሊት እንቅልፍ ሲጠፋ ራሴን ጠይቄያለሁ። ለዚህ ጥያቄ ያለኝን መልስ ነው የማካፍላችሁ።

ከመንገድ ወደ ሜዳ

ጨዋታው ድራግ ሬስ ይባላል። ሁለት መኪኖች ጎን ለጎን ቆመው መብራት ይጠብቃሉ። አረንጓዴ ሲበራ ይለቀቃሉ፤ ቀድሞ የጨረሰ ያሸንፋል። መታጠፊያ የለው፣ ዙር የለው። ርቀቱ ሩብ ማይል ወይም 402 ሜትር ነው። በትንሽ ጎማ የሚሽቀዳደሙት ብዙ ጊዜ የዚህኑ ግማሽ፣ 201 ሜትር ብቻ ይሮጣሉ። አንድ ሲኒ ቡና ተቀድቶ ለሰው እስኪሰጥ ድረስ ሁሉም ነገር አልቋል።

ታሪኩ ብዙዎቻችን የማናውቀው ቁም ነገር አለበት። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የካሊፎርኒያ ወጣቶች አሮጌ መኪና እያሻሻሉ በየጎዳናው ይሽቀዳደሙ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1951 ዋሊ ፓርክስ የተባለ ሰው ኤን.ኤች.አር.ኤ. በሚል ምህፃር የሚታወቀውን ብሔራዊ የሆት ሮድ ማኅበር ሲመሠርት፣ አንዱ ዓላማው እነዚህን ልጆች ከሕዝብ መንገድ አንስቶ ደንብና ተቆጣጣሪ ወዳለበት ሜዳ መውሰድ ነበር።

ይህን ነጥብ ያዙልኝ፤ የእኛም ቤት ታሪክ የሚጀምረው ከዚሁ ነውና። እኛ በምንኖርበት በዋሽንግተን ዙሪያ ሌሊት መንገድ ዘግተው የሚሽቀዳደሙ ወጣቶች አሉ። ልጄ 18 ዓመት ሲሞላት ጓደኞቿ ወደዚያ መሄድ ጀመሩ፤ እሷም አብራ ሄደች። አልደበቀችንም። አንድ ሌሊት ከመካከላቸው አንዱ ልጅ ሁለት እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል ገባ። በማግስቱ ጠዋት ባለቤቴ ቁርስ አቀረበችና ሦስታችንም ሳንበላው ተነሣን።

መከልከል ይቻል ነበር። ግን የመኪና ፍቅሩን ከማን ወረሰችው? እኔ አዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ባለ ጋራዥ ገና በልጅነቴ ግራሶ ለብሼ ያደግኩ፣ ዛሬም በመካኒክነት እንጀራዬን የምበላ ሰው ነኝ። ስለዚህ አንድ ነገር ነገርኳት፦ «መንገድ ላይ አትወጪም። ከፈለግሽ ግን እዚሁ አብረን እንሠራለን፤ ሜዳው ላይ ትነጂዋለሽ።» ከቤታችን አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ በሚያስኬድ ርቀት፣ በደቡብ ሜሪላንድ ባድስ ክሪክ፣ ሜሪላንድ ኢንተርናሽናል ሬስዌይ የሚባል ሜዳ አለ። ማንም ሰው መኪናውን አስፈትሾ፣ መግቢያ ከፍሎ የሚሞክርባቸው ምሽቶች አሉት።

ወናፉ

የገዛነው የ1990 ፎርድ ሙስታንግ ቀፎ ነው። ሞተር የለው፣ ካምቢዮ የለው፤ በክሬን ተጭኖ ሲመጣ ጎረቤት ቆሻሻ ያመጣን መስሎት ነበር። ሞተሩን ከተገጨ የሼቭሮሌት ፒክአፕ አወጣነው፤ 5.3 ሊትር፣ ባለ 8 ሲሊንደር። የፎርድ ቀፎ ውስጥ የሼቭሮሌት ሞተር መግጠም ለአሜሪካ ሰው ድፍረት ነው፤ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ሲፈልግ ላደገ ሰው ግን ብርቅ አይደለም። የተገኘው ይገጠማል። ይህ ሞተር በየመኪና መቃብሩ ሞልቷል፣ ርካሽ ነው፣ ብሎኩ ብረት ስለሆነ ጫና ይችላል።

ከፋብሪካ ሲወጣ 285 ገደማ የፈረስ ጉልበት ነበረው። እሱን ከፍ የሚያደርገው ሱፐርቻርጀር የሚባለው ዕቃ ነው። አሠራሩን ለመረዳት ቀጥቃጭ ቤት ያየ ሰው ሌላ ትምህርት አያስፈልገውም፤ ሱፐርቻርጀር ወናፍ ነው። እሳት የሚበረታው በከሰሉ ብዛት ብቻ ሳይሆን በሚነፋበት አየር መጠን ነው። ሞተርም ያው ነው። ነዳጅ መጨመር ቀላል ነው፤ ነዳጁን የሚያቃጥል አየር ከሌለ ግን ጭስ ብቻ ነው የሚተርፈው። ይህ ንጽጽር የእኔ ፈጠራ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1860 በአሜሪካ የኢንዲያና ግዛት የሩትስ ወንድማማቾች የባለቤትነት መብት ያገኙበት የአየር መንፊያ መሣሪያ ብረት በሚቀልጥባቸው እቶኖች ላይ ሲሠራ ቆይቶ ነው በኋላ ሞተር ላይ የተሰቀለው።

አዲስ አበባ ላይ መኪና የነዳችሁ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ከተማችን 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ጅቡቲ ወደብ አካባቢ የሚፈነጥዝ ሞተር እንጦጦ ዳገት ላይ የሚያቃስተው ለዚህ ነው። ቱርቦ ያለው መኪና ዳገቱን በቀላሉ የሚወጣው አየሩን አምቆ ስለሚያስገባ ነው። ቱርቦ የሚሽከረከረው በሞተሩ ጭስ ነው፤ ሱፐርቻርጀር ግን በቺንጋ ከራሱ ከሞተሩ ጋር ታስሮ ይዞራል። የእኛው ቀንድ አውጣ የመሰለ ቤት አለው፤ ሞተሩ በፈጠነ ቁጥር ግፊቱ ይጨምራል። በባሕር ጠረፍ የተፈጥሮ አየር ግፊት 14.7 ፒ.ኤስ.አይ. ነው፤ እኛ በዚያ ላይ 8 ጨመርን። ጉልበቱም በመለኪያ ማሽን ላይ ወደ 500 ወጣ።

አየር ሲታመቅ ይሞቃል። ሙቀት ደግሞ የሞተር ጠላት ነው። ስለዚህ ማቀዝቀዣ ገጠምን፤ ነዳጁንም ኢ85 አደረግነው፣ አብዛኛው ኤታኖል ነው። ባለቤቴ ጋራዡ በር ላይ ቆማ «አረቄ ነው እንዴ የምታጠጡት?» አለች። አልተሳሳተችም።

ከሥራው ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው የፋሻው ነገር ነው። በፒስተኑ ዙሪያ የሚገባው የብረት ቀለበት ጫፎቹ መካከል ጠባብ ክፍተት አለው። ግፊት የተጨመረበት ሞተር ስለሚግል ያ ክፍተት መስፋት አለበት፤ ካልሰፋ ፋሻው በሙቀት ይለጠጥና ጫፎቹ ይጋጫሉ፣ መሄጃ ሲያጣ ፒስተኑን ይሰብራል። ስምንት ፒስተን፣ በእያንዳንዱ ላይ መሞረድ ያለባቸው ሁለት ፋሻዎች፤ በጠቅላላ 16። ሁሉንም እየለካች የሞረደቻቸው ልጄ ናት፤ ሦስት ምሽት ፈጀባት። ለሙቀት የሚሆን ክፍተት ካልተተወለት ብረትም ይሰበራል። ይህን ለልጅ በቃል ብትነግሩት አይሰማችሁም፤ በእጁ ሲሞርደው ግን ይገባዋል። ለወላጅም እንደዚያው።

ሌላም ያተረፍነው ነገር አለ። እኔ የሞተር አካል ስም የማውቀው በጋራዥ ቋንቋ ነው፤ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ። እሷ የምታውቀው በእንግሊዝኛ ነው። መጀመሪያ ላይ አንድ ብሎን ለማቀበል እንኳ እንጣላ ነበር። ዛሬ «አባዬ፣ ጓርኒሲዮኑን አቀብለኝ» ስትለኝ አማርኛዋ ከአብሮ አደጎቼ ይበልጣል። እኔም ላፕቶፕ ላይ የምታየውን መስመር ማንበብ ተምሬያለሁ።

ትንሽ ጎማ ለምን?

አሁን ወደ ጎማው እንምጣ። ትልልቆቹ የውድድር መኪኖች የኋላ ጎማቸው ስፋት ወደ 45 ሴንቲሜትር ይደርሳል። የእኛ ዓይነቶቹ የሚፈቀድልን 275 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከአንድ ስንዝር ጥቂት ያልፋል። ይህች ስንዝር ናት 500 የፈረስ ጉልበትን መሬት ላይ የምታሳርፈው።

ደንቡ ለምን እንዲህ ሆነ? ጎማው ገደብ የለሽ ከሆነ ገንዘብ ያለው ትልቅ ሞተር ገዝቶ ያሸንፋል። ጎማው ሲያንስ ግን ገንዘብ ብቻውን አያዋጣም። ከሚይዘው በላይ ጉልበት ከሰጣችሁት ጎማው ባለበት ይሽከረከራል፣ ጭስ ይሆናል፤ በጎናችሁ የቆመው፣ ግማሽ ጉልበት ያለው መኪና ጥሏችሁ ይሄዳል። ስለዚህ የዚህ ውድድር ሙያ ጉልበት ማብዛት ሳይሆን ጉልበትን በልክ መስጠት ነው።

በተግባር እንዲህ ነው። መንገድ ላይ በ32 ፒ.ኤስ.አይ. የሚነፋውን ጎማ እኛ ወደ 15 እናወርደዋለን፤ ለመሬቱ እንዲለጠፍ። የኋላ ሞላና ሾኩን እናስተካክላለን፤ መኪናው ሲነሣ ክብደቱ ወደ ኋላ እንዲተኛ። ከመነሻው በፊት ጎማውን አሽከርክረን እናሞቀዋለን። ከሁሉ በላይ ደግሞ መነሻው ላይ የካንዴላውን እሳት በኮምፒዩተር አዘግይተን ሆን ብለን የሞተሩን ጉልበት እንቀንሳለን፤ ከዚያ በየአሥረኛ ሰከንዱ ቀስ እያልን እንመልስለታለን። ውድድሩ የሚወሰነው በመጀመሪያዎቹ 18 ሜትሮች ነው። እዚያ የጠፋች አንዲት አሥረኛ ሰከንድ መጨረሻው ላይ ከራሷ በላይ ሆና ትቆጠራለች።

የባለቤቴ ደብተር

ባለቤቴ የፈቀደችው በአንድ ቃል ነው፦ «መጀመሪያ የሚያቆመውን ግዙ፤ ከዚያ የሚያስኬደውን።» ደብተር አውጥታ በሁለት ዓምድ ከፈለችው። በግራ የሚያስኬድ፣ በቀኝ የሚያቆምና የሚጠብቅ። የቀኙ ዓምድ አንድ ዕቃ ሳይጨመርበት በግራው ዓምድ ምንም አይገዛም።

በደንቡ መሠረት ሩብ ማይልን ከ10 ሰከንድ በታች የሚጨርስ እንደ እኛው ያለ አሮጌ መኪና ነጂውን የሚከብብ የብረት ቱቦ ቀፎ፣ ሮል ኬጅ፣ ሊኖረው ይገባል፤ ነጂውም የውድድር ፈቃድ ማውጣት አለበት። እኛ ገና እዚያ ሳንደርስ ቀፎውን በያጅ አሠራነው። የወንበሩ ቀበቶ ምንም ሳይሆን እንኳ በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል። የራስ ቁሩ ለመኪና ውድድር የተመሰከረለት መሆን አለበት። ካምቢዮውንም ከላይ የሚሸፍነው ጋሻ አለ። ባለቤቴ «ይሄ ደግሞ ምን ያደርጋል?» ስትል የዶን ጋርሊትስን ታሪክ ነገርኳት። እ.ኤ.አ. በ1970 ሎንግ ቢች ውስጥ ካምቢዮው መነሻው ላይ ፈነዳና የቀኝ እግሩን ግማሽ መዳፍ ወሰደው። ሆስፒታል ተኝቶ አሰበና ሞተሩ ከነጂው ኋላ የሚቀመጥበትን መኪና ሠራ፤ በ1971 ውድድር አሸነፈበት። ዛሬ ትልልቆቹ ድራግስተሮች በዚያው ቅርጽ ነው የሚሠሩት። ባለቤቴ ምንም ሳትናገር ጋሻውን በቀኙ ዓምድ ጻፈች።

ልጄም በበኩሏ ለእናቷ የሸርሊ መልዳውኒን ታሪክ ይዛ መጣች። እ.ኤ.አ. በ1973 በላይኛው ክፍል ለመንዳት ከኤን.ኤች.አር.ኤ. ፈቃድ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ናት፤ በ1977፣ በ1980 እና በ1982 ሻምፒዮን ሆናለች። ባለቤቴ አዳመጠቻት። በማግስቱ ማታ ስልኳን ይዛ መጣችና የ1984ቱን አደጋ አሳየቻት፤ መልዳውኒ ሁለት እግሮቿ ክፉኛ የተሰባበሩበትን። «ይሄንን ለምን አልነገርሽኝም? ሁለቱንም አውቀሽ ነው የምትገቢው ወይስ ዋንጫውን ብቻ?» አለቻት። ልጄ ጥቂት ዝም ብላ «ሁለቱንም አውቄ ነው፣ እማዬ። ከሁለት ዓመት በኋላ ተመልሳ ነድታለች» አለች። በቤታችን ስለዚህ ጉዳይ ከተነገረው ሁሉ እውነተኛው ንግግር ያ ነበር።

ስለ ገንዘቡም ልንገራችሁ፤ ደብተሩ ላይ ስላለ አልደብቅም። ቀፎው 2,800 ዶላር፣ ሞተሩ 700፣ ያገለገለው ሱፐርቻርጀር 2,400። ሁሉም ሲደመር በሁለት ዓመት 19,600 ዶላር ወጥቷል፤ ከዚህ 5,300ው የቀኙ ዓምድ ነው። ግማሹን ልጄ ሠርታ ነው ያመጣችው። አገር ቤት ለእናቴ የምልከው ገንዘብ ደብተሩ ውስጥ አልገባም፤ እሱ አይነካም ብለን ነው የጀመርነው። ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ግን አንድ ሌሊት ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ለቆመ ወላጅ ሂሳቡ ሌላ ነው።

«ከዚህ ላይ ቀንስልኝ»

የመጀመሪያው ምሽት 18 ሜትር ብቻ ነዳች። ተነሣች፣ ለቀቀች፣ ተመለሰች፤ አራት ጊዜ። በሁለተኛው ምሽት ግማሹን። በሦስተኛው ሩብ ማይሉን ሙሉ ሄዳ በ11.46 ሰከንድ ጨረሰች። በጋውን ሙሉ እየሞከርን፣ እያስተካከልን፣ 10.52 ደረስን፤ መጨረሻው ላይ ፍጥነቷ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር አልፏል።

እኔ ከመነሻው ኋላ እቆማለሁ። መኪናው ሲነሣ የሚሰማኝን ልንገራችሁ፤ ሌላው ተመልካች የሚሰማው ጩኸት ነው፣ እኔ የምሰማው ግን እያንዳንዱን ብሎን ነው። የጨመርኩት እያንዳንዱ የፈረስ ጉልበት ከልጄ እግር ሥር ነው ያለው። ገጥሜ ልሰጣት እችላለሁ፤ ልረግጥላት ግን አልችልም።

አንድ ምሽት መነሻዋ በጣም ጥሩ ነበር። ሁለተኛ ማርሽ ገብቶ የወናፉ ግፊት ሲወጣ ግን ጎማው መሬቱን ለቀቀ። የሞተሩ ድምፅ በድንገት ቀጠነ፣ የመኪናው ጭራ ወደ ግራ ዞር አለ። ባለቤቴ አጥሩ አጠገብ ነበረች። እጇን አፏ ላይ ስታደርግ አየኋት። እንዲህ ባለ ቅጽበት ወጣት ነጂ ሁለት ነገር ያምረዋል፤ እልህ ይዞት ይረግጣል፣ ወይም ደንግጦ ፍሬን ይይዛል። ሁለቱም ግድግዳ ይወስዳሉ። ልጄ ግን እግሯን ከነዳጁ ላይ አነሣች፣ መሪውን በትንሹ አቃናች፣ መኪናውም ተመለሰ። በዝግታ ጨርሳ መጣች።

የራስ ቁሯን ስታወልቅ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። «ለቀቅኩት፣ አባዬ» አለች። ከዚያ ላፕቶፑን ከፈተች። ወደ ኋላ እግር የሚሄደው ዘንግ ፍጥነት የት ላይ እንደዘለለ አገኘችና ጣቷን አስቀምጣ «ከዚህ ላይ ቀንስልኝ» አለችኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ የምሰማው «ጨምርልኝ» የሚለውን ነበር። ያን ምሽት ለመጀመሪያ ጊዜ «ቀንስልኝ» አለች።

በሁለተኛው ማርሽ መግቢያ ላይ ጉልበቱን ቀነስን። ልትነዳ ስትነሣ እናቷን ዞር ብላ አየቻት። ባለቤቴ ወደ ቀበቶው ሄደች፣ ራሷ ጠበቅ አደረገችላት፣ ከዚያም በሩን ዘጋችላት። በቀነሰው ጉልበት 10.38 ሄደች፤ እስከዚያ ድረስ ከሄደችው ሁሉ ፈጣኑ ነበር።

ውድ አንባቢያን፣ የእናንተ ልጅ የሚወደው መኪና ላይሆን ይችላል። ሞተር ብስክሌት ይሆናል፣ ቡጢ ይሆናል፣ ሩቅ አገር ሄዶ መኖር ይሆናል። የሚያስፈራችሁን ነገር የሚወድ ልጅ ካላችሁ ከቤታችን የተማርነውን ልንገራችሁ። ነገሩ ሕጋዊ የሚሆንበትን ቦታ አስቀድማችሁ ፈልጉና አብራችሁ ሄዳችሁ እዩት። የሚያቆመውን ከሚያስኬደው በፊት ግዙ። ወጪውን ልጁ በሚያየው ደብተር ጻፉ፤ ድርሻውንም ይክፈል። አደጋውን አትደብቁ፣ ዋንጫውንም አታንቋሹ። መሣሪያውንም በገዛ እጁ ይያዘው፤ በእጁ የሠራውን ነገር ሰው በከንቱ አይሰብረውም።

ከ10 ሰከንድ በታች የሚያወርዳት ትንሿ ፑሊ ተገዝታ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጣለች። ወናፉን ይበልጥ የምታፈጥነው እሷ ናት። ልጄ የውድድር ፈቃዷን ስታወጣ እንገጥማታለን ብለናል፤ ማመልከቻውንም ጀምራለች። ባለቤቴ ግን ከዚያ በፊት ሌላ ሥራ አላት። በደብተሯ የቀኝ ዓምድ፣ የወንበር ቀበቶው የሚያበቃበትን ቀን በቀይ እስክሪብቶ ጽፋ ሁለት ጊዜ አስምራበታለች።